ቦክሰር፦ ለገጠር መንገድ የምትመች አነስተኛ ሞተር ብስክሌት

ቦክሰር የሕንዱ ባጃጅ ኦቶ ኩባንያ የሚያመርታት ሞተር ብስክሌት ናት። በኢትዮጵያ «ባጃጅ» ሲባል የሚታሰበው ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ በመሆኑ፣ ይህችኛዋን በሞዴል ስሟ መጥራቱ ይሻላል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የሞተር ብስክሌቶችን እንቅስቃሴ ገድባለች፤ በወረዳ መንገዶች ላይ ግን የዚህ ዓይነቶቹ ሞተሮች አገልግሎት የጎላ ነው።

የሞተሯ መጠን እንደ ሞዴሉ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ገደማ ይደርሳል። ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተሯ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ራዲያተርም ሆነ የውኃ ፓምፕ አያሻውም፤ ሊበላሽ የሚችለው ዕቃ በዚያው ልክ ያንሳል። ከቀበሌ ቀበሌ ለሚዘዋወር የግብርና ባለሙያ ከፍጥነቷ ይልቅ ይኸኛው ይበልጣል።

የበጋው አቧራ የአየር ማጣሪያዋን ሲደፍነው ነዳጅ አብዝታ ትፈጃለች፣ ኃይልም ታጣለች። ማጣሪያውን ማጽዳት የደቂቃዎች ሥራ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ዳገት ላይ ስትለግም ነው። በክረምት ጭቃ የከረመ ሰንሰለትም ካልጸዳና ዘይት ካልተቀባ የማርሹን ጥርስ ይበላል።

ሁለት ሰው ከነጓዙ ከኋላ መጫን ግን አደገኛ ነው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ሲያመዝን የፊት ጎማው መሬት መቆንጠጥ ይሳነዋል፣ መሪዋም ይቀላል። የራስ ቁር ዋጋ ከሞተሯ ግዢ ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል፣ ከኋላ ለሚቀመጠውም ጭምር።