እምነት፥ ፍቅርና እውነት በአባ ጎርጎርዮስና በሉዶልፍ ወዳጅነት

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ስለ ፍቅር በጻፉት ለወዳጅነት ከፍ ያለ ስፍራ ሰጥተዋል። በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኲናስ «ሱማ ቴዎሎጊያ» በተባለው ድርሳኑ መንፈሳዊ ፍቅርን የሰውና የእግዚአብሔር ወዳጅነት ነው ብሎ ተረጐመው። ማስረጃውም ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ባሮች ሳይሆን ወዳጆች ብሎ የጠራበት የዮሐንስ ወንጌል ቃል ነው። ሰው ወዳጁን ሲወድ የወዳጁን ቤተ ሰዎች ቢበድሉት እንኳ ስለ ወዳጁ ሲል እንደሚወድ፥ እንዲሁም እግዚአብሔርን የሚወድ ጠላቱን ሳይቀር መውደድ እንደሚገባው ያስረዳል። ስለ እውነተኛነት በሚናገርበትም ክፍል ሰዎች እርስ በርሳቸው ካልተማመኑ አብረው ሊኖሩ አይችሉም ይላል።

ከዚህ ትምህርት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም በሃይማኖት የተለያዩ ሰዎች እምነታቸውን ሳይለውጡ፥ እውነትንም ሳይሸሽጉ ወዳጆች ሊሆኑ ይችላሉን? የሚል ነው። መልሱን በታሪክ ለመፈለግ የአባ ጎርጎርዮስንና የኢዮብ ሉዶልፍን ግንኙነት መመርመር ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሮምን እምነት ተቀብለው ነበርና፥ በ1632 ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው የአባቶችን ሃይማኖት ከመለሱና ኢየሱሳውያንን ካስወጡ በኋላ፥ ጎርጎርዮስም ወደ ሕንድ ተሰደዱ፤ በመጨረሻም ሮም ደረሱ። በዚያም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በሚገኘው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጡ።

ሉዶልፍ በ1624 በኤርፉርት የተወለደ የሉተር ተከታይ ነው። ግዕዝን ከመጻሕፍት ብቻ ተምሮ በ1649 ሮም ሲገባ አገሩ በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል ለ30 ዓመት ከተደረገው ጦርነት ገና አንድ ዓመት ዐርፋ ነበር። ጎርጎርዮስም ቢሆኑ በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ከአገር የወጡ ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሆኖም የግዕዝ ፍቅር አቀራረባቸው፤ በግዕዝም ደብዳቤ ይጻጻፉ ጀመር።

በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት ጎርጎርዮስን ወደ ፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥቱ አስጠራቸው። በፕሮቴስታንቶች መካከል ተቀምጠው ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት፥ ስለ መንግሥቱና ስለ ሕዝቡ ልማድ ለቀረበላቸው ጥያቄ መልስ ሰጡ፤ ለሉዶልፍም ዐማርኛን አስተማሩት። አስተማሪው ካቶሊክ፥ ተማሪው ሉተራዊ እንደ ሆኑ ቀሩ። በ1658 ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ በእስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ።

ሉዶልፍ ግን ወዳጁን አልረሳም። በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ጎርጎርዮስን በስማቸው እየጠራ ምስክር አደረጋቸው። በ1698 የታተሙት የዐማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም የዚያ ትምህርት ፍሬዎች ናቸው።

ከሌላው ወዳጁ ከቫንስሌብ ጋራ የሆነው ግን ሌላ ነው። ቫንስሌብ በ1661 በለንደን የታተመውን የሉዶልፍን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ተቈጣጥሮ ሳለ ሉዶልፍ ሥራው በስሕተት ተሞልቷል ብሎ አልተቀበለውም፤ በ1699ም እንደ ገና አሳተመው። መስፍኑ ወደ ኢትዮጵያ ቢልከው ቫንስሌብ ሳይደርስ ቀርቶ ሮም ገባ፤ ካቶሊክም ሆነ። ከዚያ በኋላ ሉዶልፍ ክፉኛ ተጣላው።

ይህን ጠብ የሃይማኖት ለውጥ ብቻ አመጣው እንዳንል ጎርጎርዮስም ካቶሊክ ነበሩ። ልዩነቱ በመተማመን ላይ ነው። ጎርጎርዮስ እምነታቸውን ሳይሸሽጉ ለተጠየቁት መለሱ፤ ሉዶልፍም የሰማውን ከማን እንደ ሰማ ሳይሸሽግ ጻፈ። ስለዚህ አኲናስ አብሮ ለመኖር መተማመን ያስፈልጋል ያለው ነገር ለሊቃውንትም ሥራ መሠረት ሆኖ እናገኘዋለን። ዛሬ የአገር ሰው እየጠየቀ የሕዝብን ልማድ የሚጽፍ ተመራማሪም ያለበት ዕዳ ይኸው ነው።