«ባጂ» የተባለው የካርዲፍ ባንድና የመጀመሪያው ሸክላ

የአንድን የሙዚቃ ባንድ የመጀመሪያ ሸክላ የታሪክ ምርመራ ጉዳይ ማድረጋችን ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የጅማሬ ሥራ፣ ሠሪው ገና ስም ሳያገኝ የሠራው ስለሆነ፣ ከየት እንደ መጣና በማን እርዳታ እንደ ቆመ ከኋለኞቹ ሥራዎች ይልቅ በግልጥ ያሳያል። ስለዚህ በዚህ አጭር ጽሑፍ «ባጂ» የተባለው የዌልስ የሄቪ ሜታል ባንድ በ1971 ያወጣውን የመጀመሪያ ሸክላ እንመረምራለን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይህን ሸክላ የዌልስ ሥራ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ በቅድሚያ ወደ አሳብ የሚመጣው መልስ የድንጋይ ከሰል ነው። ደቡብ ዌልስ በ1913 ብቻ 57 ሚሊዮን ቶን ያህል ከሰል አውጥታ ነበር፤ ካርዲፍም ከዓለም ታላላቅ የከሰል ወደቦች አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት በሴንገኒዝ የማዕድን ጉድጓድ በደረሰው ፍንዳታ 439 የጉድጓድ ሠራተኞች ሞቱ። በ1966 ደግሞ በአበርቫን የከሰል ጥራጊ ክምር ተንዶ 144 ሰዎችን ገደለ፤ ከነዚህም 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። እንዲህ ያለ አገር በኤሌክትሪክ ጊታር ጩኸትና በከባድ የከበሮ ምት የቆመ ሙዚቃ ቢወልድ አይደንቅም ማለት ቀላል ነው። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ማስረጃ ግን ይጠይቃል። በሸክላው ላይ ካሉት ስምንት ዘፈኖች አንዱ እንኳ በስሙ ከሰልን ወይም ጉድጓድን አያነሣም። ስለዚህ ሐዘኑንና ሙዚቃውን በአንድ ገመድ ለማሰር አንደፍርም።

ሁለተኛው መልስ ቋንቋ ሊሆን ይችላል። ዳሩ ግን በ1961 የሕዝብ ቈጠራ መሠረት ዌልስኛ የሚናገሩት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ ባጂም የዘፈነው በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋን ብቻ መለኪያ ብናደርግ፣ ባንዱን ከዌልስ የምናስወጣው ከአገሩ ሕዝብ ከሦስት አራተኛው ጋር ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ሥራው ራሱ እንመለስ። ባንዱ የተቋቋመው በ1967 በካርዲፍ ነው። ሸክላውን የሠሩት ሦስት ወጣቶች ሲሆኑ፣ እነርሱም ቤዝ ጊታር እየተጫወተ የሚዘፍነው በርክ ሼሊ፣ ጊታር ደርዳሪው ቶኒ ቦርጅና ከበሮ መቺው ሬይ ፊሊፕስ ናቸው። ሼሊ በ1950 በካርዲፍ የተወለደ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ዕድሜው ከእኛ ከተማሪዎቹ ዕድሜ አይበልጥም ነበር። «ባጂ» ማለት በቤት ውስጥ በጎጆ የምትቀመጥ ትንሽ የበቀቀን ዓይነት ወፍ ናት። የስሙ ቅለትና የድምፁ ክብደት ሆነ ተብሎ የተጣመረ ቀልድ ነው።

ዌልስ በመዘምራን ማኅበሮቿ የታወቀች አገር ናት። ሆኖም ታላላቆቹ የሸክላ መቅጃ ስቱዲዮዎች በአብዛኛው የነበሩት በለንደን ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እንደሚባለው ማለት ነው። ይህን የለወጡት ቻርልስና ኪንግስሊ ዋርድ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። እነርሱ በ1960ዎቹ በሞንመዝ አጠገብ ባለው የቤተ ሰባቸው የእርሻ ቦታ ሮክፊልድ የተባለውን ስቱዲዮ አቋቋሙ። ሙዚቀኞችም እዚያው እያደሩ ይሠሩ ጀመር። በ1970 የካርዲፉ ተወላጅ ዴቭ ኤድመንድስ በዚያ የቀዳው ዘፈን በብሪታንያ የሽያጭ ተራ አንደኛ ወጣ። ባጂም የመጀመሪያ ሸክላውን የቀዳው በዚሁ ስፍራ ነው። ያ ከባድ ድምፅ በሸክላ የተያዘው እንግዲህ በከሰል ሸለቆ ሳይሆን በገበሬ ግቢ ነው።

የቀረጻው ኀላፊ ሮጀር ቤይን ነበር። ይህ ሰው በበርሚንግሃም የተነሣውን የብላክ ሳባዝን የመጀመሪያ ሦስት ሸክላዎች ያዘጋጀ ነው። ስለሆነም የሁለቱን ባንዶች የድምፅ መቀራረብ ለማስረዳት፣ ከፋብሪካና ከጉድጓድ አስቀድሞ ይህን አንድ ሰው መጥቀስ ይገባል። ቢሆንም ሸክላው ግልባጭ አይደለም። ዘጠኝ ደቂቃ የሚጠጋ ከባድ ዘፈን በያዘበት ገጽ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ለስላሳ የጊታር ዜማ ይገኝበታል።

ሸክላው በወጣበት ዓመት ከብሪታንያ የሽያጭ ተራ አልገባም፤ ባንዱ ለዚያ የበቃው በ1974 በአራተኛው ሸክላው ነው። ነገር ግን አሜሪካኖቹ ሜታሊካ በ1987ና በ1988 ሁለት የባጂን ዘፈኖች እንደገና ቀዱ። ሳውንድጋርደን የተባለው የሲያትል ባንድም ከዚሁ ከመጀመሪያው ሸክላ አንድ ዘፈን ወስዶ ተጫውቷል። ሼሊ በ2022 በካርዲፍ ሲሞት የወጣትነት ሥራው ባሕር ተሻግሮ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ሸክላውን የዌልስ ሥራ የሚያሰኘው የከሰሉ ጭስ ወይም ቋንቋው ሳይሆን፣ የአገሩ ልጆች ወደ ለንደን ሳይሰደዱ በአገራቸው ልጆች ስቱዲዮ ሊሠሩት መቻላቸው ነው። አንድ አገር ለወጣቶቹ ከሚያወርሰው ሐዘን ይልቅ የሚያዘጋጅላቸው የሥራ ቦታ ታሪካቸውን የበለጠ ይወስናል። ጥበብን በአፈርና በአየር ብቻ ለመተርጐም የምንቸኩል ተማሪዎች፣ አስቀድመን «ሥራው የት ተሠራ? ማንስ በሩን ከፈተ?» ብለን ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል።