የዶሮ ጥብስ ቤት በወሎ ለምን አልበቀለም?

ከአባሎቻችን አንዳንዶቹ በመካነ ሰላም የዶሮ ጥብስ ቤት እንክፈት ካሉ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያከራክረን ከርሟል። ዶሮ በየደጃችን ስትጭር በምትውልበት አገር፣ በአንድ ስም ከከተማ ከተማ የተዘረጋ የዶሮ ምግብ ቤት በእናቶቻችንና በአያቶቻችን ዘመን ለምን አልታየም? ሙያው እንደሆነ ሞልቶ ተርፎ ነበር።

መጀመሪያ ነገር፣ ምግብ መሸጥ ራሱ ነውር ነበር። እንግዳ ይበላል እንጂ አይከፍልም። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዛሬም በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ሲያስጀምሩ፣ ሰው ከፍሎ መብላትን እስኪለምድ ድረስ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ማደፋፈር ነበረባቸው ይባላል። እቴጌይቱ ስለያዙት ሥራው በዋና ከተማው ክብር አገኘ። በየትንንሹ ከተማ ጠላና ወጥ ለምትሸጠው ሴት ግን ያ ክብር አልደረሳትም። ባሏን የፈታች ወይም መሬት ያልደረሳት ሴት መጠጊያ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ቤቷ «እነ እገሊት ቤት» ከመባል በቀር ሰሌዳ የለው፣ ደብተር የለው። እሷ ስትታመም ይዘጋል፤ ስትሞት ስሙም አብሮ ይቀበራል።

ሁለተኛው ምክንያት ዶሮዋ ናት። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው እንቁላል ከ60 ብዙም አያልፍም። ጭራ አዳሪ ስለሆነች ሥጋዋ ጠንካራ ነው፤ በጋለ ዘይት ቶሎ ቢያወጧት ጥርስ ትፈትናለች። ሽንኩርቱን ረጅም ጊዜ አቁላልቶ በዝግታ ማብሰሉ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለእርሷ የተገኘ ብልሃት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዶሮ ጥብስ ቤቶች የፈሉት ለሥጋ የተዳቀለች፣ በሁለት ወር ተኩል ገደማ የምትታረድ ዶሮ በርካሽ ስለተገኘች ነው። እኛ ዘንድ የፈረንጅ ዶሮ በ1940ዎቹና 50ዎቹ በጅማና በዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች በኩል መስፋፋት ጀመረች። ከእነዚያ መካከል ነጯ ሌግሆርን የእንቁላል ዶሮ ናት፤ ለጥብስ አትታሰብም።

ከሁሉ የከበደው ግን ቢላዋው ነው። ባለሙያዋ ዶሮዋን ገሽልጣ፣ አጥባ፣ አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታ ለድስት ታበቃለች። ማረዱን ግን ልማድ ለወንድ ሰጥቶታል፤ ይህ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ያው ነው። ባል ከሌላት የጎረቤት ወንድ ልጅ ትለምናለች። በወሎ ደግሞ «ማን አረደው?» የሚለው ይከተላል። አንዱ ባርኮ ያረደውን ሌላው አይበላም። ተጋብተን፣ ተዋልደን፣ በለቅሶውም በሠርጉም አብረን እየዋልን፣ የሥጋው ድስት ለየብቻ ነው። ደጋሽ ለሌላው ወገን ለይቶ ማሳረዱና በሌላ ወጥ ሠሪ ማሠራቱ እንደ ውርደት ሳይሆን እንደ አክብሮት ነው የሚቆጠረው። ከደሴ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ወደ እኛ የሚመጣ መንገደኛም ሥጋ ሲያምረው አስቀድሞ የሚጠይቀው የማን ቤት እንደሆነ ነው። እንግዲህ አንድ ስም፣ አንድ ወጥ ቤት የሚለው ንግድ እዚህ ገና ሲጀመር ገበያውን ለሁለት ይከፍላል። ጾሙንም ጨምሩበት። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን አለ፣ ፍልሰታ አለ፤ በእነዚያ ቀናት በክርስቲያኑ በኩል ዶሮ የሚገዛ የለም። በረመዳን ደግሞ በሙስሊሙ በኩል የቀኑ ገበያ ይቆማል።

ከአሜሪካኖቹ ቤቶች ልባችንን የነካው የቺካጎው ሃሮልድስ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፒርስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ከፈተው፤ ሰው ሲያዝ ብቻ እየጠበሰ፣ በጥቁሮች ሰፈር እየተባዛ ሄደ። ከዚያ በፊት ሃሮልድና ባለቤቱ ሂልዳ በዶሮ እግር የሚታወቅ ምግብ ቤት ነበራቸው። ስሙም የሁለቱን የመጀመሪያ ፊደል ይዞ ኤች ኤንድ ኤች ይባል ነበር። የጥብሱ ቤት ሲመጣ ሰሌዳው ላይ የቀረው የእሱ ስም ብቻ ነው። ኋላ ላይ ሥራውን የመራችው ሴት ልጁ መሆኗን ስናነብ ግን ደስ አለን።

ደጋፊዎቻችን የመጥበሻ ማሽን ልንገዛላችሁ ስላላችሁን እናመሰግናለን። እኛ ግን ከማሽኑ በፊት ለየብቻ በር ያላቸው ሁለት ወጥ ቤቶች እንዲሠሩ እንጠይቃለን፤ አንዱን ክርስቲያን እህቶቻችን፣ ሌላውን ሙስሊም እህቶቻችን ይዘው ሒሳቡ በአንድ ደብተር ይግባ። የሁለቱም አራጆች ደመወዝ ከጋራ ገንዘብ ይከፈል። በንግድ ፈቃዱ ላይ የማኅበሩ ስም ይጻፍ ወይስ የሚሠሩት እህቶች ስም ይዘርዘር የሚለውን ገና አልተስማማንበትም፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ድምፅ ይሰጥበታል።