የመሪ አንገትና የመንገድ ጠባይ
የብስክሌት አካል ልክ ታሪክ ከኩልፎ ዳገት አንጻር ሲታይ

ከጉጌ ተራሮች የሚወርደው የኩልፎ ወንዝ በላይኛው ክፍሉ በቋጥኞች መካከል እየተጋጨ ይጓዛል፤ አርባ ምንጭ ከተማ ሲደርስ ግን ሜዳ ያገኛል፤ ከዚያም እያዘገመ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከተማይቱም እንደ ወንዙ ሁለት ጠባይ አላት። ሲቀላ በዝቅተኛው ሜዳ፣ ሴቻ ደግሞ ከበላዩ ባለው ከፍታ ላይ ተመሥርተዋል። በሲቀላ ሜዳ ላይ ያለ ችግር የሚነዳ ብስክሌት ወደ ሴቻ ዳገቱን ሲይዝ የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪውም ይዋልላል። ሲመለስ የነጂው ክብደት በእጆቹ ላይ ይወድቃል፤ የፊት ፍሬን በኀይል ከተያዘም የኋላው ጎማ ከመሬት ለመነሣት ይቃጣዋል። ነጂውም ብስክሌቱም ያው ሆነው ሳለ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው፣ ብስክሌቱ ሲሠራ የታሰበለት መንገድ ሌላ፣ የሚሄድበት መንገድ ሌላ መሆኑ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ የሆኑት ልኮች ጥቂት ናቸው። አንደኛው የመሪው ዘንግ ከመሬት ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ሁለተኛው የፊት ሹካው ወደ ፊት የተቆለመመበት ርቀት ነው። ከእነዚህ ሁለቱና ከጎማው ስፋት የሚገኝ ሦስተኛ ልክ አለ፤ ይኸውም የመሪው ዘንግ ተቀጥሎ መሬት ቢነካ የሚያርፍበት ነጥብ፣ ጎማው ራሱ መሬት ከሚነካበት ነጥብ ምን ያህል እንደሚቀድም የሚያሳየው ርቀት ነው። ጎማው ይህን ነጥብ ከኋላ ስለሚከተል በዚህ ጽሑፍ «ተከታይ ርቀት» እንበለው። አራተኛው፣ መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው አጭር ክንድ፣ ማለትም የመሪ አንገት ርዝመት ነው። የመሪ አንገት ከሁሉ ትንሹና ርካሹ ዕቃ ቢሆንም የነጂውን ደረት ከፊት ጎማው አንጻር የሚያስቀምጠው እርሱ ነውና፣ ታሪኩ ከቀሩት ተለይቶ ሊነገር አይችልም።

ካርል ድራይስ እ.ኤ.አ. በ1817 በማንሃይም ያሳየው የእንጨት ተሽከርካሪ ፔዳል አልነበረውም፤ ነገር ግን የፊት ጎማው የሚዞር ስለ ነበር ሰው በሁለት ጎማ ላይ ሚዛን ጠብቆ ሊጓዝ እንደሚችል አስረድቷል። በ1870ዎቹ የተስፋፋው ባለ ትልቅ የፊት ጎማ ብስክሌት ደግሞ ነጂውን በጎማው አናት ላይ ማለት ይቻላል ሰቀለው። ጎማው በድንጋይ ሲያዝ ነጂው በመሪው ላይ ተገልብጦ በግንባሩ መውደቁ የተለመደ አደጋ ሆነ። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 በኮቨንትሪ ያወጣው «ሮቨር» የተባለው ብስክሌት ለዚህ መልስ ሰጠ። ጎማዎቹ እኩል ለማለት የሚያስደፍሩ፣ ኀይሉ በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ የሚተላለፍ፣ ነጂውም በሁለቱ ጎማዎች መካከል የሚቀመጥበት ነበር። ዛሬ በመንገድ ላይ የሚታየው ብስክሌት ሁሉ የእርሱ ዘር ነው። የዚህ ታሪክ ዋና ክር የነጂው ክብደት ከፊት ጎማው አንጻር የት ይረፍ የሚለው ጥያቄ ሲሆን፣ ሮቨር ከወጣ በኋላም ጥያቄው ተዘግቷል ማለት አይቻልም።

ሊቃውንቱ በበኩላቸው ብስክሌት ለምን እንደማይወድቅ ለማስረዳት ብዙ ደክመዋል። ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ራንኪን እ.ኤ.አ. በ1869 ባወጣው ጽሑፍ፣ ነጂ ወደ ቀኝ ለመታጠፍ ሲፈልግ መሪውን በመጀመሪያ ለአፍታ ወደ ግራ እንደሚያዞር ገለጸ፤ ብዙ ነጂዎች ዕድሜ ልካቸውን ሲያደርጉት ኖረው ሲነገራቸው የማያምኑት ነገር ነው። ዊፕል እ.ኤ.አ. በ1899 የእንቅስቃሴውን ስሌት በሒሳብ ቀመር አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሚዛኑን የሚጠብቀው የጎማዎቹ መሽከርከር ነው የሚለው አስተሳሰብ ገኖ ቆየ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1970 ሊነዳ የማይችል ብስክሌት ለመሥራት ተነሣና የጎማውን መሽከርከር በሌላ ተቃራኒ ጎማ አከሸፈው፤ ብስክሌቱ ግን ተነዳ። ተከታይ ርቀቱን ሲያዛባው ነበር በእውነት ያስቸገረው። የኋለኞቹ ተመራማሪዎች እነ ሽዋብና ሩዊና እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጎማ መሽከርከርም ከተከታይ ርቀትም ተጠቃሚ ያልሆነ ልዩ የሙከራ ተሽከርካሪ ራሱን ችሎ ሊቆም እንደሚችል አሳዩ፤ የክብደት አደላደሉም ድርሻ እንዳለው ተረጋገጠ። ተግባራዊው መሐንዲስ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው፣ ጎማ፣ ማዕዘንና ክብደት በአንድነት ካልታሰቡ በቀር አንዱን ብቻ ነጥሎ ማረም እንደማይቻል ነው።

ቁጥሩን እንመልከት። የጎማው ግማሽ ስፋት 340 ሚሊሜትር፣ የሹካው ቆልማማነት 45 ሚሊሜትር ይሁን። የመሪው ዘንግ ማዕዘን 73 ዲግሪ ሲሆን ተከታይ ርቀቱ 57 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ሌላው ሳይነካ ማዕዘኑ ወደ 68 ዲግሪ ቢጋደል ርቀቱ ወደ 89 ሚሊሜትር ያድጋል። አምስት ዲግሪ በዐይን ሲታይ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም፤ ውጤቱ ግን ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነው። የመጀመሪያው ብስክሌት በጣት ንክኪ የሚታጠፍ ፈጣን ነው። ሁለተኛው ቁልቁለትና ጠጠር ሲያገኝ መሥመሩን የሚጠብቅ፣ በዝግታ ሲነዳ ግን መሪው ወዲያና ወዲህ የሚወድቅበት ነው።

መንገድ ማዕዘንን እንደሚወስን የውድድር ብስክሌት ታሪክ ይመሰክራል። በአውሮፓ መንገዶች ገና ድንጋያማና አቧራማ በነበሩበት ዘመን የውድድር ብስክሌቶች የተጋደለ ማዕዘን፣ ረጅም ቁመና እና በጣም የተቆለመመ ሹካ ነበራቸው። አስፋልት እየተስፋፋ ሲሄድ ማዕዘኑ ቀና፣ ቁመናውም አጠረ። የኢጣልያ ብስክሌት ወደ አካባቢያችን የገባው በዚህ ሽግግር መካከል ነው። በአሥመራ ጣልያኖች ለራሳቸው ብቻ ይዘውት በነበረው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1939 ገብረማርያም ገብሩ ገብቶ አሸነፋቸው። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ፣ በኅዳር 1949 ዓ.ም. በተደረገው የጎዳና ብስክሌት ውድድር፣ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሲወጣ ቡድኑ 9ኛ ሆኗል። የኢትዮጵያ ስፖርት ሲነሣ ከሯጮቹ ሌላ የሚታወስ የሌለ ይመስል ይህ ውጤት መዘንጋቱ ያሳዝናል። ከብዙ ዘመን በኋላ ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ ተወዳድሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል።

በሌላ በኩል ለዕለት ሥራ የሚያገለግለው፣ መሠረቱ እንግሊዝ የሆነና በኋላ ሕንድና ቻይና በብዛት ያመረቱት ከባዱ ብስክሌት የተጋደለ ማዕዘንና ረጅም ቁመና እንደያዘ ቀረ። መሪው ወደ ነጂው የተመለሰ ስለሆነ ነጂው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳማ ከተማ ሰዎች ብስክሌትን የዕለት መጓጓዣ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዳገት ባለበት ከተማ ግን ይኸው ብስክሌት ሲወጣ ይከብዳል፣ ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑ ያሳስባል።

የቁልቁለት ብስክሌት ታሪክ የጀመረውም በፍሬን ችግር ነው። በካሊፎርኒያ ማሪን ወረዳ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና 40ዎቹ የተሠሩ አሮጌ ከባድ ብስክሌቶችን ሰብስበው እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በአንድ የተራራ መንገድ ላይ ይወዳደሩ ነበር። መንገዱ በ3 ኪሎሜትር ተኩል ያህል ርቀት 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። የኋላ ጎማው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ ግራሶው ይቃጠልና ውድድሩ ሲያልቅ እንደገና መሞላት ነበረበት፤ መንገዱም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዳግም መሙላት ነው። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ያለው ልዩነት ወደ 1400 ሜትር ይጠጋል፤ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። ነጂና ብስክሌት በአንድነት 85 ኪሎግራም ቢመዝኑ ይህን ያህል ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት ከሦስት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉን አየር ይወስደዋል፤ የቀረውን ግን አራት ቁራጭ ጎማና ሁለት ቸርኬ ወይም ሁለት ቀጭን ዲስክ ሊሸከሙት ይገባል።

ማሪኖቹ አሮጌ ብስክሌቶችን የመረጡት ከድህነት ብቻ አልነበረም፤ የተጋደለው ማዕዘን በቁልቁለት ይረጋ ነበርና። ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚህ ሥራ የመጀመሪያውን አዲስ ፍሬም በእጁ ሠራ። ነገር ግን ፋብሪካዎች ነገሩን ሲረከቡ ዐይናቸው ወደ ዳገት ውድድር ዞረ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ የተራራ ብስክሌት ማዕዘን ወደ 71 ዲግሪ ቀና፤ የመሪ አንገቱ 130፣ አንዳንዴም 150 ሚሊሜትር ደረሰ። ዳገት ላይ የፊት ጎማ እንዳይነሣ ረድቷል፤ ሲወርዱ ግን የትልቁን ጎማ ዘመን ግልብጥብጥ መልሶ አመጣ። ጋሪ ፊሸር በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍሬሙን አስረዝሞ የመሪ አንገቱን ሲያሳጥር ብዙዎች እንደ ፌዝ ቆጠሩት። ዛሬ ለቁልቁለት የሚሠሩ ብስክሌቶች 65 ዲግሪና ከዚያም በታች የሆነ ማዕዘን፣ ከ35 እስከ 50 ሚሊሜትር የሆነ አንገት አላቸው።

ለምን እንደሆነ ቀላል ስሌት ያስረዳል። በጎማዎቹ እምብርቶች መካከል 1 ሜትር ይኑር፤ የነጂውና የብስክሌቱ የክብደት ማዕከል ከመሬት 1.1 ሜትር ከፍ ያለ፣ ከፊተኛው እምብርትም 55 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ የራቀ ይሁን። በሜዳ ላይ ነጂው ከመሬት ስበት ግማሽ በሚሆን መጠን ፍጥነቱን ሲቀንስ የኋላ ጎማው ይነሣል። በመቶ 10 በሚወርድ ቁልቁለት ይህ ወሰን ወደ 0.4 ይወርዳል። ማዕከሉ 10 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ቢሸሽ እንደገና ወደ 0.49 ይመለሳል፤ ቁልቁለቱ የወሰደውን ሁሉ ማለት ይቻላል መለሰ። አንገቱን በ7 ሳንቲሜትር ማሳጠር ማዕከሉን በ7 ሳንቲሜትር አይገፋውም፤ የሚንቀሳቀሰው ትከሻና ደረት ብቻ ነውና። የቀረውን ነጂው ወገቡን ከኮርቻው ወደ ኋላ በማውጣት ይጨምረዋል፤ አጭር አንገት ደግሞ ይህን ለማድረግ እጁን ነጻ ያወጣለታል።

ከዚህ ተነሥቶ አጭር አንገት ሁልጊዜ ይሻላል የሚል ቢኖር የመሰናክል ብስክሌት፣ በተለምዶ ትራያል የሚባለው፣ ይቃወመዋል። በዚህ ስፖርት ነጂው እግሩ መሬት ሳይነካ በቋጥኝና በግንድ ላይ እየዘለለ ያልፋል፤ ላይኛው የኩልፎ አልጋ ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። ስፖርቱ በ1970ዎቹ በካታሎኒያ ሲስፋፋ መንገዱን የከፈተው የሞንቴሳ ሞተር ብስክሌት ነጂ የነበረው ፔሬ ፒ ሲሆን፣ ልጁ ኦት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የትራያል ብስክሌት የኋላ ጎማ ወደ ነጂው በጣም የተጠጋ ነው፤ በሌሎች ብስክሌቶች ከጎማ እምብርት በታች የሚውለው የፔዳል ዘንግ በዚህ እኩል ወይም ከበላይ ይሆናል። ኮርቻ የለውም፤ ቢኖረውም ለስም ያህል ነው። የመሪ አንገቱ ግን ረጅምና ወደ ላይ የቀና ነው። ምክንያቱም ነጂው በኋላ ጎማ ብቻ ሲቆም ብስክሌቱ በሙሉ ስለሚቀና መሪው ወደ ደረቱ ይመጣል፤ አንገቱ አጭር ቢሆን ክንዱን ዘርግቶ ለመዝለል ቦታ ያጣል። ቁልቁለት ላይ አደጋ የሆነው ርዝመት እዚህ መሣሪያ ሆነ። አንድን ብስክሌት በአንገቱ ርዝመት ብቻ የሚመዝን ሰው እንግዲህ ግማሹን ብቻ አይቷል።

የሀገራችን ነጂ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ የተራራ ብስክሌት መልክ ያለው ርካሽ ብስክሌት ነው፤ ጎማው ሰፊ፣ ሹካው የሚነጥር፣ ልኩ ግን ከ1990ዎቹ ብዙም ያልራቀ። ፍሬሙን በየጋራዡ በብየዳ ማጋደል አይመከርም፤ በእሳት የተለወጠ ቱቦ መቼ እንደሚሰበር አይታወቅምና። አንገቱን መለወጥ ግን በአንድ ቁልፍ የሚጠናቀቅ ሥራ ነው። ከ100 ወደ 60 ሚሊሜትር ቢወርድ ከሴቻ ለሚወርድ ነጂ ጥቅሙ ወዲያው ይታወቃል። ነገር ግን ማዕዘኑ ቀና፣ ተከታይ ርቀቱም አጭር በሆነ ብስክሌት ላይ አንገትን ከመጠን በላይ ማሳጠር መሪውን ያቀብጠዋል፤ ስለዚህ ሰፋ ያለ መሪ ቢታከልበት ይመረጣል። ወደ ቱቦው የሚሰካ የድሮ ዐይነት አንገት ሲሆንም በላዩ ከተቀረጸው የወሰን ምልክት በላይ ከፍ ሊደረግ ከቶ አይገባም። በየሱቁ ብስክሌት ሲሸጥ የሚነገረው የማርሽ ብዛት ነው። የመሪ ዘንግ ማዕዘንና የአንገት ርዝመት አብረው የሚጻፉበት አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ በየፍሬሙ ላይ ብትለጠፍ ለአስመጪው ብዙ ወጪ አትሆንም፤ ገዢውም ብስክሌቱ ለሲቀላ ይሁን ለሴቻ ወይም ለጨንቻ መንገድ የተሠራ መሆኑን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ለማንበብ ይችላል።