በጁባ ስለ ተገኘች አንዲት ታጣፊ ጠመንጃ

ታሪክን የሚያስተምር ሰው ብዙውን ጊዜ ምስክር የሚሻው ከመጽሐፍ ነው። ነገር ግን መጽሐፍ ባልደረሰበት ስፍራ ዕቃ ይናገራል፤ ቋንቋውን ለሚያውቅለት ሰው ሸክላም፥ ገንዘብም፥ ነፍጥም የትውልድ አገሩንና ዘመኑን ይገልጣል። እኔም በዚህ የማስታወሻ መጽሐፍ ለሥራ ባልደረቦቼ ላቀርበው የመረጥሁት፥ አንዲት የማላውቃት ጠመንጃ ያስተማረችኝን ነገር ነው። ትምህርቱ ስለ ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን፥ እኛ መምህራን ሳናስበው በተማሪዎቻችን አእምሮ ስለምንዘራው ስሕተት ጭምር ስለ ሆነ፥ በማኅበራችን መጽሐፍ ቦታ ቢሰጠው ያለ አግባብ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው የዕረፍት ወራት በጁባ በንግድ ሥራ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ለመጠየቅ ሄጄ ነበር። ጎረቤቱ የሆኑ አንድ የባሪ ተወላጅ ሽማግሌ ሻይ ጋበዙን። የልጅ ልጃቸው እንደ እኔው የመምህርነት ሞያ የሚማር ወጣት ነበርና፥ ታሪክ አስተማሪ መሆኔን በሰማ ጊዜ ከጓዳ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ በፊታችን ፈታው። እርሷም ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበረች። ዝገት በልቷታል፤ መምቻዋም ከተሰበረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ያስገረመኝ ግን አቀማመጧ ነው። አፈሙዞቿ ወደ ኋላ ተጣጥፈው በሰደፏ ሥር ተኝተዋል፤ እንዲህ ሆና ስትታይ ርዝመቷ ከክንድ ተስንዝር እምብዛም አይበልጥም።

ወጣቱም፥ «ይህች ሳሙኤል ቤከር ለቅድመ አያቴ የሰጠው ጠመንጃ ናት፤ የጥናት ጽሑፌንም በእርሷ ላይ ልጽፍ አስቤአለሁ» አለኝ። እኔም ስለ ቤከር ለብዙ ዓመት ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና፥ ሳልመረምር፥ «እንግዲያውስ የእንግሊዝ ሥራ ናት» ብዬ ፈረድሁ። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ፥ «ማኅተሙን ሳታይ የትኛውን ዕቃ ነው ከእነ አገሩ የምትጠራው? እስቲ ገልብጠህ እያት» አለኝ። ነጋዴ ታሪክ አስተማሪን የገሠጸበት ቀን ይህ ነበር። ተግሣጹን ተቀብዬ መመርመር ጀመርሁ።

በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው የመታጠፏ ነገር ነው። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሁሉ ማለት ይቻላል በማጠፊያ ላይ ይከፈታል፤ አፈሙዙ ወደ ታች ዘንበል ሲል በስተኋላ ያለው ቀዳዳ ይገለጥና ጥይት ይጎርሳል። ከዚህ የሚያልፍ መታጠፍ ግን የለውም። ታጣፊ የሚባለው ዐይነት ማጠፊያው ከዚያ አልፎ እስከ መጨረሻው እንዲዞር የተበጀ ነው። ይህም በኮርቻ ወይም በከረጢት ለመያዝ ያመቻል፤ በልብስ ውስጥ ለመደበቅም እንዲሁ። ስለዚህ በእንግሊዝ አገር ሰዎች እንዲህ ያለውን ጠመንጃ «የሌባ አዳኝ ጠመንጃ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ታጣፊ ጠመንጃ በብዛት ከሠሩት መካከል የቤልጅግና የኢጣሊያ ባለሞያዎች ይገኛሉ።

ማጠፊያው ራሱ የዘመን ምስክር ነው። ቀድሞ ጠመንጃ ባሩድና አረር የሚጎርሰው በፊቱ፥ በአፈሙዙ በኩል ነበር። ካዚሚር ለፎሾ የተባለው የፓሪስ ጠመንጃ ሠሪ በ1830ዎቹ በማጠፊያ የሚከፈት ጠመንጃና ለእርሱ የሚስማማ ቀለህ ያለው ጥይት አወጣ። ይህ ሥራ በ1851 በሎንዶን በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ስለ ታየ የእንግሊዝ ሠሪዎችም ተከተሉት። መምቻው በውጭ የማይታይበትንና ብዙዎች እስከ ዛሬ የሚከተሉትን አሠራር በ1875 ያወጡት ደግሞ በበርሚንግሃም በዌስትሊ ሪቻርድስ ቤት ይሠሩ የነበሩት አንሰንና ዲሊ ናቸው። ቤከር በ1863 በየካቲት ወር ጎንዶኮሮ ሲደርስ የያዛቸው ጠመንጃዎች በአፈሙዝ የሚጎርሱ ነበሩ። ከዚህም የተነሣ ጥርጣሬዬ ማደግ ጀመረ።

ቁርጡን የነገረኝ ግን ማኅተሙ ነው። በአውሮፓ ጠመንጃ የሚሠሩ ታላላቅ ከተሞች የመሞከሪያ ቤት አላቸው። በዚያ ቤት አዲሱ አፈሙዝ ከተለመደው የበለጠ ባሩድ ተደርጎበት ይተኮሳል፤ ካልፈነዳና ካልተሰነጠቀ ይታተማል። የበርሚንግሃም መሞከሪያ ቤት በ1813 በፓርላማ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን ማኅተሞቹ ዘውድ አለባቸው። በቤልጅግ የሊዬዥ ማኅተም ደግሞ በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፥ ኤል፥ ጂ የሚባሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ከኮከብ ጋር የተጻፉበት ነው። ከ1893 ጀምሮ በዚህ ሞላላ ክብ ላይ ዘውድ ተጨመረበት። ሠሪው ስሙን ባይጽፍ እንኳ ይህ ማኅተም አገሩንና የዘመኑን ወሰን ይናገራል።

ወጣቱ የአፈሙዙን ሥር በዘይት ጨርቅ ባሸው ጊዜ ሞላላው ክብ ብቅ አለ፤ ፊደላቱም ታዩ፤ በላዩም ዘውዱ ነበር። በአጠገቡም 16 የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ይህ ቁጥር የአፈሙዙን ስፋት የሚገልጥ ነው፤ ይኸውም ከአንድ የእንግሊዝ ፓውንድ እርሳስ 16 እኩል ድቡልቡል አረሮች ቢሠሩ የአንዱ ውፍረት ማለት ነው፤ በሚሊሜትር 16.8 ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ደቃቅ አረር በትኖ ወፍና ጥንቸል የሚጥል እንጂ ለዝሆን የተሠራ አይደለም።

እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጠመንጃዋ የሊዬዥ ሥራ ናት፤ የተሞከረችውም በ1893 ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ሳሙኤል ቤከር ከጎንዶኮሮ የተመለሰው በ1873 ሲሆን፥ የሞተውም በዚያው በ1893 በታኅሣሥ ወር በእንግሊዝ አገር ነው። ስለዚህ ይህችን ጠመንጃ ለማንም ሊሰጥ አይችልም ነበር።

ይህን ለሽማግሌው መናገር ከበደኝ። በእንግድነት የገባሁበት ቤት ነው፤ የቤቱም ክብር በዚህች ዕቃ ላይ ያረፈ መሰለኝ። ዝም ብል ግን ነገ መምህር የሚሆነው ወጣት ሐሰቱን ጽፎ ለሌሎች ያስተላልፈዋል። በመጨረሻ ወንድሜ በጁባ ዐረብኛ እያስተረጐመልኝ፥ ያየሁትን ሁሉ በትሕትና ለሽማግሌው ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው እንዲህ አሉ፤ «አባቴ የቤከርን ስም ከቶ አንሥቶ አያውቅም። ከዝሆን አዳኝ ነጭ ያገኘናት ናት ይል ነበር። ቤከርን ያመጡት ከትምህርት ቤት የመጡት ልጆች ናቸው።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ስሕተቱ የመጣው ካልተማሩት ሽማግሌ አልነበረም፤ ከእኛ ከመምህራኑ ነበር። በመማሪያ መጽሐፍ የአንድ ታዋቂ ሰው ስም ብቻ ስለምናስተምር፥ ተማሪዎቻችን የአያቶቻቸውን ቃል ሁሉ በዚያ ስም ላይ ይሰቅሉታል።

የሽማግሌው አባት ቃል ግን ከአገሩ ታሪክ ጋር አይጣላም። ዛሬ ጁባ የምትገኝበት የነጭ ዓባይ ምዕራባዊ ዳርቻ በ1894 በተደረገ ስምምነት ለቤልጅጉ ንጉሥ ለዳግማዊ ሌዎፖልድ የተሰጠው የላዶ ግዛት ክፍል ነበር። የእርሱ ወታደሮች በ1897 ከጁባ በስተደቡብ ባለው በረጃፍ የማህዲን ሠራዊት ድል ነሥተው ስፍራውን ያዙ። ንጉሡ በ1909 በታኅሣሥ ወር ሲሞት ግዛቱ በ1910 ወደ ሱዳን ተመለሰ። በዚያ የርክክብ ጊዜ ጠባቂ ስላልነበረ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ዝሆን አዳኞች ለጥርሱ ሲሉ አገሩን አጥለቀለቁት። የሊዬዥ ጠመንጃ በእነዚያ ዓመታት በዚህ ምድር ብትገኝ የሚያስደንቅ አይሆንም። ነገር ግን ሊሆን ይችላል ማለት ሆኗል ማለት አይደለም። የሊዬዥ ጠመንጃ በዓለም ሁሉ ይሸጥ ነበርና ከዚያ በኋላም በነጋዴ እጅ ልትመጣ ትችላለች። ማኅተሙ የልደቷን ወሰን እንጂ የጉዞዋን መንገድ አይነግረንም። ወጣቱም ጽሑፉን በዚህ ልክ እንዲጽፍ፥ የአያቱን ቃል የአያቱ ቃል፥ የማኅተሙን ምስክርነት የማኅተሙ ምስክርነት ብሎ ለየብቻ እንዲያኖር መከርሁት።

የጠመንጃ ታሪክ በዚያ አገር የደስታ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከካርቱም ይመጡ የነበሩ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች በነፍጥ መንደር እየወረሩ ከብትና ሰው ይማርኩ፥ ከብቱንም በጥርስ ይለውጡ ነበር። ቤከርም በ1871 ለግብጹ ከዲቭ እስማኤል ጎንዶኮሮን ሲይዝ የቅርብ ጠባቂዎቹ የታጠቁት እኛ ሰናድር የምንለውን ጠመንጃ ነበር። ይኸው ሰናድር ከሦስት ዓመት በፊት፥ በ1868፥ በናፒዬር ጦር እጅ መቅደላ ደርሶ ነበር። አባቶቻችን የእንግሊዙን ስናይደር ሰናድር፥ የፈረንሳዩን ግራ ውጅግራ ብለው በአንደበታቸው ሲያስገቡ፥ ሳያውቁት የመሣሪያውን ትውልድ አገር መዝግበውልናል። በየቤቱ ግድግዳ የተሰቀለው አሮጌ ነፍጥም እንዲሁ የሚነበብ መዝገብ ነው።

ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን የምለምነው ይህን ነው። ተማሪ አሮጌ መሣሪያ አየሁ ቢላችሁ፥ አስቀድሞ ጥይት አለመጉረሱን የሚያውቅ ሰው እንዲያረጋግጥ አድርጉ፤ ማንም እንዲተኩስበት አትፍቀዱ፤ ለጥቁር ባሩድ ብቻ የተሞከረ አሮጌ አፈሙዝ በዛሬ ጥይት ሊፈነዳ ይችላልና። ከዚያ በኋላ ማኅተሙን እንዲያነብ አስተምሩት። በመጨረሻም የቤቱን ሽማግሌ ይጠይቅ፤ እኛ ያስተማርነውን ስም ከመጨመሩ በፊት፥ እርሳቸው ያሉትን ቃል እንዳለ ይጻፍ።