የአዕዋፍ አደን ሕግና ቃላቱ፤ ማን፣ መቼ፣ ስንት?

የሕግ ቃል ከሌላው የሙያ ቃል የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ፍቺው ሲሳሳት ጉዳቱ በአንባቢው ግንዛቤ ላይ ሳይወሰን እስከ ሰው ገንዘብና ነጻነት ድረስ መዝለቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌ የመረጥነው መስክ ጠባብ ሊመስል ይችላል፤ አዕዋፍን ማን፣ መቼና ምን ያህል ማደን እንደሚችል የሚወስነው ሕግ ነው። ይሁን እንጂ የዚህን ሕግ ታሪክ በእንግሊዝና በአሜሪካ ስንከተል፣ ሦስት ገደቦች ተራ በተራ እንደ ተወለዱና እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን ቃል ይዘው እንደ መጡ እናያለን። ሦስቱንም በአማርኛ «ገደብ» ወይም «ክልከላ» በሚል በአንድ ቃል ማጠቃለል የሕጉን ነፍስ ማጥፋት መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ የታወቀ ታሪክ እንጀምር። በ1791 የኒው ዮርክ ሕግ አውጪ ሸንጎ «ሂዝ ሄን» የተባለችውን፣ የቆቅ ዘመድ የሆነች የምሥራቅ አሜሪካ የቁጥቋጦ ሜዳ ወፍ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። ሳሙኤል ሚችል የተባሉት የኒው ዮርክ ሊቅ ለአዕዋፍ ተመራማሪው ለአሌክሳንደር ዊልሰን እንደ ጻፉላቸው፣ የሸንጎው ሰብሳቢ የረቂቁን ርእስ ሲያነቡ ሁለቱን ቃላት አጋጥመው «ሂዝን» አሏቸው፤ ትርጉሙም «አረመኔ» ማለት ነው። ከሰሜን የመጡት እንደራሴዎች አረመኔዎችን የሚጠብቅ ሕግ ለምን እንዳስፈለገ ሊገባቸው ባለመቻሉ ተደነቁ ይባላል።

በዚህ የምንስቅ ከሆነ ወደ ራሳችን ጽሕፈትም መመልከት ይገባናል። «አዳኝ» የሚለው ቃል «ዳ» ጠብቆ ሲነበብ አውሬ የሚያሳድደውን፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ከሞት የሚያድነውን ያመለክታል። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማይለይ «የአዳኝ ፈቃድ» ተብሎ የተጻፈ ርእስ አንዱን ወደ አደን መሥሪያ ቤት፣ ሌላውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወስደው ይችላል፤ «ፈቃድ»ም እንደዚሁ የመንግሥት ሰነድም የፈጣሪ ፍላጎትም ነውና። «የአደን ፈቃድ» ማለት ግን ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። በስያሜ ሥራ አንዲት ፊደል ዳር አይደለችም የምንለው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ገደብ እንምጣ፤ ይኸውም «ማን?» የሚለው ነው። በ1671 የወጣው የእንግሊዝ የአደን ሕግ በዓመት 100 ፓውንድ የሚያስገባ ርስት፣ ወይም 150 ፓውንድ የሚያስገባ የረዥም ዘመን ኪራይ መሬት የሌለው ሰው በጠቅላላው እንዳያድን ከለከለ። ባላባቶች የሾሟቸው ጠባቂዎችም ያልተፈቀደለትን ሰው ቤት ፈትሸው ጠመንጃና መረብ እንዲወስዱ ሥልጣን ተሰጣቸው። ስለሆነም ጭሰኛው እህሉን የምትለቅምበትን ቆቅ ቆሞ ከማየት በቀር በሕግ መንገድ ሊገድላት አይችልም ነበር። ይህ የሀብት መመዘኛ በእንግሊዝኛ «ኳሊፊኬሽን» ይባላል። የዛሬ ተርጓሚ ይህን ቃል በለመደው መንገድ «ብቃት» ቢለው ሕጉ የአነጣጥሮ ተኳሽነት ችሎታን የሚጠይቅ ይመስላል። ሕጉ የጠየቀው ግን ርስትን እንጂ ችሎታን አልነበረም፤ ስለዚህ «የሀብት መመዘኛ» ማለት ይሻላል። የቅጣቱም ክብደት ቀላል አልነበረም፤ በ1828 በወጣው የሌሊት አደን ሕግ መሠረት ለሦስተኛ ጊዜ የተያዘ ሰው እስከ ሰባት ዓመት ወደ ባሕር ማዶ ሊጋዝ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ገደብ «መቼ?» የሚለው ነው። የጊዜ ክልከላ ቀደም ብሎም የነበረ ቢሆንም፣ የሀብት መመዘኛውን ሽሮ ፈቃድና ጊዜን በዋናነት የተከለው የ1831 ሕግ ነው። ከዚያ በኋላ የዓመት የአደን ወረቀት የገዛ ሰው የመሬቱን ባለመብት ካስፈቀደ ማደን ተቻለው። ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉበትና ጫጩት የሚያሳድጉበት ጊዜ ግን ለሁሉም የተዘጋ ሆነ። ለቆቅ ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 1፣ ለፌዛንት ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 1፣ ግራውዝ ለተባለችው የተራራ ወፍ ከዲሴምበር 10 እስከ ኦገስት 12 ተከለከለ። እነዚህ ቀኖች ዛሬም በእንግሊዝ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ተርጓሚውን ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። አንደኛው የቀን አቆጣጠር ነው። በዛሬው ስሌት ኦገስት 12 ነሐሴ 6 ሲሆን፣ ኦክቶበር 1 መስከረም 21 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት ከሆነችበት ዓመት ማግስት ግን መስከረም 20 ይሆናል። በአንድ ቀን ልዩነት ሰው ወንጀለኛ በሚሆንበት ሕግ ውስጥ የተለወጠውን ቀን ብቻ ጽፎ ዋናውን መተው ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ሊሰፍሩ ይገባል። ሁለተኛው ወጥመድ የስያሜው ነው። «ክሎዝ ሲዝን» የሚለውን «የተዘጋ ወቅት» ወይም «የክልከላ ወራት» የሚሉ አሉ። ነገር ግን በ1916 አሜሪካና ካናዳን የወከለችው ብሪታንያ ስለ ተሻጋሪ አዕዋፍ የተፈራረሙትን ውል ብንመለከት፣ ለአብዛኞቹ ታዳኝ አዕዋፍ ክልከላው ከማርች 10 እስከ ሴፕቴምበር 1 ሆኖ፣ ነፍሳትን ለሚመገቡ አዕዋፍ ግን ዓመቱን ሙሉ፣ ለአንዳንዶቹም እስከ 10 ዓመት ድረስ የሚዘልቅ ነው። ዐሥር ዓመት የሚቆይ ነገር «ወቅት»ም «ወራት»ም ሊባል አይችልም። ስለዚህ «የክልከላ ጊዜ» የሚለው አጭሩንም ረዥሙንም ያቅፋል እንላለን።

ሦስተኛው ገደብ «ስንት?» የሚለው ሲሆን፣ የተወለደው በአሜሪካ ነው። የ1831 የእንግሊዝ ሕግ ቁጥር አልወሰነም፤ በአሜሪካ ግን አደን ለባለ ርስት የተለየ መብት ስላልነበረና ሥጋው በባቡር ወደ ከተማ ገበያ ይጋዝ ስለ ነበር፣ ባለመብትንና ጊዜን መወሰን ብቻ አልበቃም። በ1857 የኦሃዮ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ «ፓሴንጀር ፒጅን» የተባለችው ርግብ እጅግ ብዙ ስለሆነች ጥበቃ አያስፈልጋትም የሚል ሪፖርት አቀረበ። የዚህች ዘር የመጨረሻዋ ርግብ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 በዚያው በኦሃዮ፣ በሲንሲናቲ የእንስሳት ማሳያ ሞተች። ኮሚቴው ሪፖርቱን ካቀረበ ገና 57 ዓመት ነበር። ሕግ ሊጠብቃት ከ1791 ጀምሮ የሞከረው ሂዝ ሄንም በ1932 ከምድር ጠፋች።

የአዮዋ ግዛት በ1878 አንድ አዳኝ በቀን ከ25 በላይ የሜዳ ዶሮዎች እንዳይገድል ሲደነግግ የቁጥር ገደብ ጀመረ። በ1900 የሌሲ ሕግ በአንዱ ግዛት ሕግን ጥሰው የተገደሉትን ወደ ሌላው ግዛት ማጓጓዝን ከለከለ። የ1916ቱ ውል በ1918 በሕግ ሲጸና፣ የሚዙሪ ግዛት ወፎቹ የእኔ ናቸው ብሎ ተከራከረ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1920 የውሉን የበላይነት አጸደቀ። ዛሬ አንድ ቦታ፣ ነገ ሌላ ቦታ የምትገኝ ወፍ የአንድ ግዛት ንብረት ልትሆን እንደማትችል የፍርዱ ምክንያት አስረዳ። ከዚያም በድርቁ ዘመን የዳክዬ ቁጥር ሲመናመን፣ በቀን 25 የነበረው በ1930 ወደ 15፣ በ1935 ወደ 10 ወረደ። ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥሩ በዋናው ሕግ ውስጥ አለመጻፉ ነው። ሕጉ ሥልጣን ይሰጣል፤ ቁጥሩን የወፎቹ ሁኔታ እየታየ በየዓመቱ የሚወጣ ደንብ ይወስነዋል።

ይህ ገደብ በእንግሊዝኛ «ባግ ሊሚት» ይባላል። «ባግ» ከረጢት ማለት ሲሆን፣ አዳኙ የገደለውን የሚከትበት ዕቃ ስም ቀስ በቀስ ለተገደለው ብዛት መጠሪያ ሆነ። በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ «የቦርሳ ወሰን» ተብሎ አግኝተነዋል፤ ያነበበው ሰው የጉምሩክ ሕግ ቢመስለው አይፈረድበትም። ታዲያ አማርኛ ከራሱ ጓዳ ምን ያወጣል? በመጀመሪያ የሚመጣልን «ግዳይ» ነው፤ «የግዳይ ወሰን» ማለትም ያምራል። ነገር ግን ግዳይ የሚባለው አንበሳ፣ ዝሆንና ጎሽ የጣለ ሰው የሚፎክርበት ነው፤ ቆቅ ያጠመደ እረኛ «ግዳይ ጣለ» አይባልም። ከዚህም በላይ በግዳይ ቋንቋ ቁጥር ሲበዛ ክብር ይበዛል። በዚህኛው ሕግ ግን ቁጥር ሲበዛ ጥፋት ይሆናል። ለመወደስ የተፈጠረን ቃል ለመከልከል ማዋል አንባቢውን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መምራት ስለሆነ «ግዳይ»ን ለባህሉ ትተን «የዕለት የአደን ልክ» ብንል እንመርጣለን። «ልክ» ከ«ጣሪያ» የሚሻለው እየተለካ የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር መሆኑን ራሱ ስለሚናገር ነው። አዳኙ ከብዙ ቀናት አጠራቅሞ በእጁ ሊያቆይ የሚችለው ደግሞ ሌላ ገደብ ስለሆነ «በእጅ የሚቆይ ልክ» ሊባል ይችላል።

ከሦስቱ ገደቦች ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ግሥም አለ። የአሜሪካ ደንብ የሚከለክለው ድርጊት «ቴክ» ይባላል፤ በተራ ንግግር «መውሰድ» ማለት ነው። በደንቡ ብያኔ ግን ማሳደድን፣ ማደንን፣ መተኮስን፣ ማቁሰልን፣ መግደልን፣ በወጥመድ መያዝን፣ መማረክንና መሰብሰብን፣ እነዚህንም መሞከርን ያጠቃልላል። ተኩሶ የሳተ ሰው ምንም አልወሰደም፤ በሕጉ ግን «ወስዷል»። «መውሰድ» ብለን ብንተረጉም ጥፋተኛውን ነጻ እናወጣለን፤ «መግደል» ብንልም እንዲሁ። እንደ ዕድል ሆኖ አማርኛ ጫካ ገብቶ ባዶ እጁን የተመለሰውንም ሰው «ሲያድን ዋለ» ይለዋል። ስለዚህ «ማደን» በብያኔ ሰፍቶ ይህን ሸክም ሊሸከም ይችላል።

በመጨረሻ የመስኩን ዋና ቃል «ጌም»ን እንይ። በ1831 ሕግ «ጌም» ማለት ፌዛንትን፣ ቆቅን፣ ግራውዝንና ጥቂት ሌሎች ወፎችን፣ ከእነርሱም ጋር ጥንቸልን የያዘ ዝርዝር እንጂ የሚበላ ወፍ ሁሉ አይደለም፤ ዳክዬ እንኳ በዝርዝሩ የለችም። ማለት ቃሉ የተፈጥሮ ሳይሆን የሕግ ምድብ ነው። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1944 የወጣው አዋጅ ቁጥር 61 በእንግሊዝኛ ርእሱ የሚጠብቀውን «ጌም» ሲለው፣ በ1972 የወጣው የሕግ ክፍል ማስታወቂያ ቁጥር 416 «ዋይልድላይፍ» ብሎታል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም በአማርኛ «የዱር እንስሳት» ይላል። ለውጡ የቃል ብቻ አይደለም፤ ከሚታደነው ወደ ሚጠበቀው የተደረገ ሽግግር ነው። «አራዊት» ለጆሯችን ጥርስና ጥፍር ያለውን ያሳስበናል፤ በመጻሕፍትም «አራዊትና አዕዋፍ» ተለይተው ይጠራሉ። ቆቅ አውሬ ናትን? ብሎ የሚጠይቅ ጠበቃ መልስ ሊያጣ አይችልም። «እንስሳት» ግን ሰፋ ብሎ ወፉንም ያስገባል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ ውጤት እንዳለው ስለ ደነገገ፣ እንግሊዝኛው ምንም ቢል ፍርድ ቤት የሚቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

እንግዲህ የምናቀርባቸው ስያሜዎች አምስት ናቸው። በሕግ ዝርዝር የገቡትን «ታዳኝ አዕዋፍ»፣ ሰነዱን «የአደን ፈቃድ»፣ ጊዜውን «የክልከላ ጊዜ»፣ ቁጥሩን «የዕለት የአደን ልክ»፣ የተጠራቀመውን «በእጅ የሚቆይ ልክ» እንላለን። እነዚህን የሚያሻሽል ቢኖር ደስ ይለናል፤ የምንጠይቀው ማን፣ መቼና ስንት የሚሉት ሦስቱ እንዳይደባለቁ ብቻ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች እንደሚባለው፣ ከሌላ አገር የመጣ ሕግም በአማርኛ ድምፅ መናገር ይገባዋል። ይህን የሚያደርግ ተርጓሚ እንደ ቆቅ ንቁ መሆን አለበት፤ ሂዝ ሄን ዛሬ የምትገኘው በመዝገበ ቃላትና በሕግ ታሪክ ውስጥ ብቻ ነውና፣ ጥንቃቄው ወፏ ሳለች እንጂ ካለፈች በኋላ አይጠቅምም።