ሳተላይት የሰብልን ጤና ከጠፈር እንዴት ታያለች?

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት፣ ኢትአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና አመጠቀች። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እየዞረች፣ ለግብርናና ለአካባቢ ጥበቃ የሚያገለግሉ ምስሎችን ወደ እንጦጦ ጣቢያ እንድትልክ ታስባ የተሠራች ናት።

ሳተላይት ሰብልን የምትለየው በብርሃን ነው። ጤናማ ቅጠል ምግቡን ለማዘጋጀት ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ከቀዩ ቀጥሎ የሚገኘውንና የሰው ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ጨረር ግን ግማሽ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ቅጠሉ ውኃ ሲያጥረው ወይም ሲታመም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ባለሙያዎች ይህን ልዩነት በቁጥር አስልተው ካለፉት ዓመታት ጋር ያነጻጽራሉ።

በወላይታ የበልግ ዝናብ ሲዘገይ የበቆሎና የቦሎቄ ማሳዎች ይጎዳሉ። ጉዳቱ በየቀበሌው ተጣርቶ እስኪታወቅ ጊዜ ይወስዳል፤ የሳተላይት ምስል ግን ሰፊ አካባቢን በአንድ ጊዜ ስለሚያሳይ ድጋፍ ቀድሞ እንዲታሰብ ይረዳል።

ሆኖም ደመና ካሜራውን ይጋርዳል። የምስሉ አንዲት ነጥብም በየአቅጣጫው ከ10 ሜትር በላይ ስለምትሸፍን፣ በጠባብ ጓሮ የሚገኙ እንሰት፣ ቡናና በቆሎ ተቀላቅለው ይታያሉ። ስለዚህ አርሶ አደሩና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ማሳው ላይ ተገኝተው የሚያዩትን ምስሉ አይተካውም።